አንዲት ቃል ሳትጥል

ኃይለመስቀል በአሰላ ፍርድ ቤት የችሎት ጸሐፊ ሆኖ በሠራባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት ከምስክር አፍ የወጣች አንዲት ቃል ጥሎ አያውቅም ይባል ነበር። ይህን የሚለው ሌላው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሁሉም አብልጦ የሚለው ራሱ ነበር። ምስክሩ ቢያስል "እዚህ ላይ ሳለ" ብሎ ይጽፋል። ቢምል መሐላውን፣ ቢራገም እርግማኑን፣ ከነገሩ ወጥቶ ስለ ዝናብ ቢያወራ ዝናቡንም ያሰፍራል። ዳኞቹ የእሱን መዝገብ ሲያገላብጡ ያዛጉ ነበር። ይግባኝ የሚሉ ባለጉዳዮች ግን "የኃይለመስቀል እጅ ነው" ሲባሉ ልባቸው ያርፋል።

ይህን ጠባይ ያመጣው ከልጅነቱ ነው። ተወልዶ ያደገው ጢቾ ነው፤ አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚያ የተተከሉ ሰው ነበሩ። ፊደል የቆጠረውም ዳዊት የደገመውም በደብሩ አጥር ሥር ነው፤ የኔታ አንድ ቃል ለዘለለ ተማሪ አርጩሜ አዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። "የጎደለች ቃል የተሰረቀች ቃል ናት" ይላሉ። ኃይለመስቀል በጀርባው ላይ የተጻፈበትን ትምህርት አልረሳም። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረውም ቃል መጣል ከስርቆት የማይለይ ኃጢአት ይመስለው ነበር።

ታዲያ እግዜር ሲፈርድበት ከዲሪባ ጋር አንድ ችሎት ላይ አስቀመጠው። ዲሪባ አስተርጓሚ ነው። ከገጠር የሚመጣው ባለጉዳይ የሚናገረው ኦሮምኛ፣ ዳኛው የሚሰማው አማርኛ፣ በመካከል የቆመው ዲሪባ። አንድ ከጭላሎ ግርጌ የመጡ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው፣ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ነውና፣ ከአያታቸው ይጀምራሉ፤ ከብቶቻቸውን በየስማቸው ይጠራሉ፤ ሰማይና ምድሩን ምስክር ያቆማሉ። ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ዲሪባ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ሲጨርሱ ወደ ዳኛው ዞር ይልና "ጊደሯ የእኔ ናት ነው የሚሉት" ይላል። አለቀ። ኃይለመስቀል ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው ይሰማ ነበርና ብዕሩ ቀለም እንደነከረ ይቀራል። እንዲጽፍ የተፈቀደለት ግን ወደ ዳኛው ጆሮ የደረሰውን አማርኛ ብቻ ነው። ሁለቱ ሰዎች ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። ኃይለመስቀል ዲሪባን የሚያየው በጠራራ ፀሐይ የሰው ቃል የሚሰርቅ ሌባ አድርጎ ነበር።

ኃይለመስቀል አንድ ልጅ ብቻ ነበረችው፤ የሺሃረግ ትባላለች። እናቷ ስትሞት ገና አራት ዓመቷ ነበር። ለትምህርት በደረሰችበት ዓመት የዳሌዋ አጥንት ታመመና ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለች፤ ስትነሳ ግራ እግሯ ከቀኙ አጥሮ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው፤ የአሰላ የክረምት ጭቃ ደግሞ የጤነኛውንም ሰው ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። ስለዚህ አባት ራሱ አስተማሪ ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ አጠገቧ ይቀመጣል። እሱ ፍርድ ቤት ሲውል እሷ የታዘዘችውን ገጽ ታጠናለች፤ ጎረቤታቸው ሰኪና፣ ጨውና ክብሪት የምትቸረችር ደግ ሴት፣ ከሱቋ ብቅ እያለች ታያታለች። ልጅቷም አልቦዘነችም። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከሰኪና ሱቅ ሳሙና የተጠቀለለበት ጋዜጣ እንኳ ሳታነበው አትጥልም ነበር።

ማንበብ ብቻም አይደለም። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ካየች መጽሐፉን ዘግታ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ትወጣዋለች። ኃይለመስቀል ያስተማራት እሱ በተማረበት መንገድ ነው፤ ሌላ መንገድ መኖሩንም አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ "የሺ፣ እስኪ ነይ" ይላል። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች፤ እሱ መጽሐፉን ከፍቶ መስመር መስመሩን በጣቱ ይከተላል። ስትጨርስ ወደ እንግዳው ዞሮ "አንዲት ቃል አልጣለችም" ይላል። በዚያች ቤት ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልነበረም።

የኃይለመስቀል ዓይን መታመም የጀመረው በ1951 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት ነው። መጀመሪያ ከዳር ከዳር ጨለመ። ሰው ከጎኑ ሲመጣ አያየውም፤ የበሩን መቃን በትከሻው ይገጫል። ፊት ለፊቱ ያለውንም በመቃ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ቆንጥሮ ነው የሚያየው። ግንቦት ላይ "ለሥራ ጉዳይ ነው" ብሎ አዲስ አበባ ሄደና ተመረመረ። ሐኪሙ የዓይን ጠብታ ሰጡት እንጂ ብዙ አልተናገሩም፤ ከሌላ ሐኪም ጋር ተማክረው በደብዳቤ እንደሚያሳውቁት ነገሩት። ሲመለስ ፍርድ ቤቱ ከችሎት አንስቶ መዝገብ ቤት አስቀመጠው፤ እዚያም ዶሴ ከመደርደሪያ ማውረድና መመለስ ነው ሥራው። ለልጁ ግን አልነገራትም።

ጨለማው ሳይዘጋበት በፊት አንድ ነገር እንዲፈጸምለት ፈለገ፤ የሺሃረግ ትምህርት ቤት እንድትገባ። ያቺ እግሯን የምታነክስ፣ እናት የሌላት፣ ነገ ዓይን ያለው አባት የማይኖራት ልጅ በብዕሯ የምታድር ሰው ካልሆነች በምን ታድራለች? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳው። ሰኔ ላይ እጇን ይዞ ዳገቱን ወጣና አቶ ተክለወልድ ከሚባሉት መምህር ፊት አቀረባት።

አቶ ተክለወልድ ቁጣ የማያውቁ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ለልጅቷ አንድ ገጽ ታሪክ ሰጧት። ሁለት ወንድማማቾች አንድ መሰላል ነበራቸው፤ በውርስ ተጣሉና መሰላሉን መካከሉ ላይ ቆርጠው ተካፈሉት፤ ክረምት መጥቶ ጣሪያቸው ሲያፈስ የሁለቱም መሰላል ጣሪያው ጋ ሳይደርስ ቀረ። የሺሃረግ አነበበች። መምህሩ መጽሐፉን ተቀብለው ምን እንዳነበበች እንድትነግራቸው ሲጠይቁ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ገጹን እንዳለ ወጣችው። ኃይለመስቀል ወንበሩ ላይ ሆኖ ደረቱ ሰፋ። አቶ ተክለወልድ አደነቁ፣ ከዚያም "አሁን ደግሞ ፍሬ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ" አሏት። ልጅቷ አባቷን አየች። ከዚያ "ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ" ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ልዩነቱ አሁን ፈጠን ማለቷ ብቻ ነው።

መምህሩ በትሕትና ነገሩት። በዕድሜዋ የምትገባው አምስተኛ ክፍል ነው፤ እዚያ የሚገባ ተማሪ ያነበበውን አሳጥሮ በራሱ ቃል መናገር አለበት። መስከረም ላይ ድጋሚ ይፈትኗታል። ያን ጊዜ ካልቻለች ግን ለከርሞ ዕድሜዋም አይፈቅድም፣ በሩም ይዘጋል። ኃይለመስቀል አመስግኖ ወጣ። ዳገቱን ሲወርዱ የሺ "ምን አጠፋሁ አባባ? አንድም አልጣልኩም እኮ" አለችው።

ትምህርቱ በማግሥቱ ተጀመረ። መጀመሪያ "አሳጥሪው" አላት። በየመካከሉ ቃል እየዘለለች "ሁለት ነበሩ፣ አንድ ነበራቸው፣ ቆረጡት" አለች፤ ማን ምን እንደቆረጠ ጠፋ። በማግሥቱ የገጹን ታችኛ ግማሽ በመዳፉ ሸፈነና እስከዚያ ያለውን ብቻ እንድትናገር አዘዛት፤ ወንድማማቾቹ ሳይጣሉ ታሪኩ አለቀ። በሦስተኛው ቀን በጣቶቿ እንድትቆጥር፣ ከሃያ ቃል እንዳታልፍ ነገራት፤ ሃያኛዋ ቃል ላይ ስትደርስ ፍሬን እንደተያዘ መኪና ቆመች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

"የትኛውን ልጣል አባባ?" ትለዋለች።

"የማያስፈልገውን።"

"የማያስፈልገው የቱ ነው?"

ኃይለመስቀል መጽሐፉን ተቀብሎ አፍንጫው ጋ አስጠጋ። ፊደሎቹ ይዘላሉ፤ መስመሩን በጣቱ ቢይዘውም ያመልጠዋል። እንደምንም አነበበው። የማያስፈልግ ቃል ግን አላገኘም። "አሮጌ መሰላል" ይላል፤ አሮጌነቱ ያስፈልጋል። "በሐምሌ" ይላል፤ በጥቅምት ቢሆን ጣሪያው መች ያፈስ ነበር? እሱው አሳጥሮ ሊያሳያት ወረቀት አወጣና ጻፈ፤ መርምሮ ቢያየው ከታሪኩ ይረዝማል፤ የወንድማማቾቹን የውርስ ክርክር በአንቀጽ በአንቀጽ አብራርቶት ነበርና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። አንድ ቀን ሲመረው እጁን ለጥፊ አነሳ፤ የየኔታ አርጩሜ ትዝ ሲለው መልሶ አወረደው። እሷም አላለቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ገጹን ትገልጥ ነበር። ሐምሌ እንዲህ ሄደ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አባትና ልጅ አፍ ለአፍ ካልተጠጋጉ አይደማመጡም ነበር። እሱ ደግሞ በየሳምንቱ የሚያየው ቀዳዳ ሲጠብ ይታወቀዋል።

ነሐሴ ሲገባ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ዲሪባ ዘንድ ሄደ። ዲሪባ ምሳ ሰዓት ላይ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ጽድ ሥር ተቀምጦ ነበር። ኃይለመስቀል ቆመና "ዲሪባ፣ ቸግሮኝ ነው" አለ።

"እርስዎን? እኔ ዘንድ?" አለ ዲሪባ፤ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀለት።

ነገሩን ሁሉ አጫወተው። ዲሪባ ይስቅብኛል ብሎ ነበር፣ አልሳቀም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እቤታቸው መጣ። መጽሐፍ አላስነካም። ኃይለመስቀልን ወንበር ላይ አስቀመጠና ዳኛ አደረገው፤ ልጅቷን በመካከል አቆማት፤ እሱ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ እንጨት አንስቶ ባለጉዳይ ሽማግሌ ሆነ። ከዚያ የሺ ከሰኪና ሱቅ ደጅ በለመደችው ኦሮምኛ ስለ ጠፋች በቅሎ ማውራት ጀመረ። የበቅሎዋን እናት አነሳ፣ ከማን እንደተገዛች፣ በስንት ገበያ እንደተዞረባት፣ በሰርግ ላይ ማን እንደጋለባት፣ ሰው ዘንድ ተገኘች ሲባልም ሄዶ ሳያያት የጆሮዋን ጠባሳ እንደተናገረ። ሰኪና በሱቋ መስኮት ሰምታ እስክትስቅ ድረስ አወራ። ሲጨርስ የሺ ወደ አባቷ ዞራ ከበቅሎዋ እናት ጀመረች።

ዲሪባ እጁን አነሳ። "ዓይንዎን ይጨፍኑ" አለው ኃይለመስቀልን። ከዚያ ወደ ልጅቷ፣ "አየሽ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳኛው ተኛ። ርቦታል፣ ከኋላሽም አርባ ሰው ቆሟል። ከነገርኩሽ ውስጥ እሷ ብትጎድል ፍርዱ የሚጣመምባት የቷ ናት? እሷን ንገሪው። ሌላውን ለራስሽ ያዢው።"

የሺሃረግ የተጨፈነውን የአባቷን ዓይን አየች። ከዚያ "በቅሎዋ ጆሮዋ ላይ ጠባሳ አለ፤ እሳቸው ይህን የተናገሩት የተገኘችውን ሳያዩ ነው" አለች።

ዲሪባ በእንጨቱ ወለሉን መታ። ኃይለመስቀል ዓይኑን ገለጠ። ሙሉ ሐምሌ ያልሆነው ነገር በአንድ እሑድ ሲሆን ደስ ከመሰኘቱ በፊት አፈረ። እሱ ሲያስተምራት የኖረው የትኛውን እንደምትጥል ነበር፤ ለማን እንደምትናገር ጠይቋት አያውቅም።

"የቀረውስ?" አለች የሺ። "ያልነገርኩት ይጠፋል?"

"አይጠፋም። አስተርጓሚው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል።"

ልጅቷ ሻይ ልታፈላ ጓዳ ስትገባ ኃይለመስቀል በሆዱ የተቀመጠው ብዙ እንደሆነ ጠየቀው። ዲሪባ እንጨቱን ጥግ አስደግፎ ተቀመጠ። ከስድስት ዓመት በፊት ከኦጎልቾ በኩል በድንበር ተካሰው የመጡ አንድ ሽማግሌ አነሳለት። ከተናገሩት ብዙ ነገር መካከል ልጃቸውን የቀበሩት በዚያች ማሳ ዳር መሆኑን ተናግረው ነበር። ለድንበሩ አይጠቅምም ብሎ ተወው። ፍርዱ ሄደባቸው። ሲወጡ በሩ ላይ እጁን ያዙና "ልጄን ነገርክልኝ ወይ?" አሉት።

"ምን አልካቸው?"

"ነግሬያለሁ አልኳቸው።"

ኃይለመስቀል ያን ቀን ያስታውሰዋል። ሽማግሌው ያሉትን በጆሮው ሰምቷል፤ ብዕሩን ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሺሃረግ መንገዱ ተከፈተላት። ዲሪባ በየእሑዱ እየመጣ ገበሬም ነጋዴም ሆኖ ተናገረላት። መጽሐፉም ተመለሰ። ቀድሞ ድምፅ አውጥታ ታነብ የነበረች ልጅ አሁን በዓይኗ ብቻ እያነበበች ቀና ትልና "ፍሬ ነገሩ" ትላለች። የጎረቤት ጠብ ቢነሳ፣ የሰኪና ደንበኛ ሲነዘንዝ ቢውል፣ ከጎበሳ የመጣች የአባቷ እህት አሰፋች ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ አማቷ ብታማ፣ እንግዳው ሲወጣ የሺ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሰዋለች። "ፍሬ ነገሩ፣ ቅቤው ለእኔ ይገባ ነበር ነው የሚሉት" ስትል ኃይለመስቀል ከስንት ወር በኋላ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። መስከረም ላይ እንደምታልፍ አልተጠራጠረም። ለሰኪና ገና ካሁኑ የደብተር ልባስ የሚሆን ወረቀት እንድታስቀምጥለት ነገራት።

ደብዳቤው የመጣው ጳጉሜ አንድ ቀን ነው። ከፍርድ ቤቱ ደብዳቤዎች ጋር ተደባልቆ ስለመጣ ዲሪባ እቤት ድረስ አመጣለትና እንደታሸገ ሰጥቶት ሄደ። ኃይለመስቀል ከፍቶ አየው። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ በላዩ ጉንዳን የመሰለ ጥቁር ነገር ይራመዳል። ወደ መስኮት ወሰደው፣ አራቀው፣ አቀረበው። አልሆነም። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ወረቀት ያነበበ ሰው የራሱን ዕድል የያዘችውን ማንበብ አቃተው። ከልጁ ሌላ የሚያስነብበው ሰው በቤቱ አልነበረም። "ከሐኪም ነው፤ ዓይኔን ትንሽ አሞኝ ነበር" ብሎ ሰጣት።

የሺሃረግ በመስኮቱ ቆማ በዓይኗ አነበበች። ኃይለመስቀል አንደኛው ወረቀት ሲገለጥ፣ ሁለተኛው ከሥሩ ሲወጣ፣ ተመልሶም ሲታጠፍ ድምፁን ሰማ። ሁለት ሙሉ ወረቀት ነው። ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"ፍሬ ነገሩ" አለች፣ "ዓይንዎን ከፀሐይ ይጠብቁ፣ የተሰጠዎትን ጠብታ አያቋርጡ ይላል።"

"ሌላስ?"

"ለእርስዎ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።"

"ቃል በቃል አንብቢልኝ" የሚለው ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። የሰው ሁሉ ቃል እንዳይጎድል ዕድሜውን የፈጀ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ቢጠይቅ ማን ይከለክለው ነበር? አልጠየቀም። ፈራ። ያልሰማው ነገር ገና ያልሆነ መሰለው፤ እስከ ፈተናው ድረስ ብቻ እንዲህ ይቆይ አለ። "ጥሩ ነው" አላት። ደብዳቤውን ወደ ዲሪባ ወስዶ የማስነበቡ ሐሳብም በማግሥቱ መጥቶበት ነበር፤ ኮቱን እስከ መልበስ ደርሶ መልሶ ሰቀለው። የሰው ቃል አንድ አይጣል ሲል የኖረው ኃይለመስቀል ሁለት ወረቀት ሙሉ ሲጣል ዝም አለ።

በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ዳገቱን ወጡ። ዝናቡ ቀለል ብሏል፣ ጭቃው ግን እንዳለ ነው። እሷ በትሯን ይዛለች፣ እሱ እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሏል፤ ለሚያያቸው ሰው አባት ልጁን የሚደግፍ ይመስላል። መንገድ ላይ ሊፈትናት ብሎ የእሑዱን ስብከት ጠየቃት። ቄሱ ከአንድ ሰዓት በላይ የተናገሩትን "ከጎረቤታችሁ ጋር ሳትታረቁ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትምጡ ነው ያሉት" አለችው። እንከን የለውም። ኃይለመስቀል ልቡ ሞላ፣ ደጋግሞም እግዚአብሔርን አመሰገነ።

አቶ ተክለወልድ ልጅቷን ወደ ክፍል አስገቧት፤ አባቷ በረንዳው ላይ ከአግዳሚው ተቀመጠ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሁሉም ይሰማል። ታሪኩ ስለ አንድ መንገደኛ ነው፤ በጭጋግ ውስጥ መንገድ ጠፍቶት የራሱን ዱካ እየተከተለ ቀኑን ሙሉ አንዲት ጉብታ ሲዞር ይውላል። የሺሃረግ አንብባ ጨረሰች። መምህሩ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው "አሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር" አሉ።

ኃይለመስቀል በሆዱ መልሱን አዘጋጅቶላት ነበር፤ ነሐሴ ላይ እሱም ሳያስበው ተምሮታልና።

"አንድ መንገደኛ ማለዳ ተነስቶ፣ ስንቁን በትከሻው አንግቶ፣ ወደ ወንድሙ አገር ሊሄድ ወጣ" አለች የሺሃረግ። ቀጠለች። ስንቁ ምን እንደነበረ፣ ጭጋጉ ከየት እንደወረደ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ ሁሉንም በተጻፈበት ተራ። ኃይለመስቀል መጀመሪያ ደነገጠች ብሎ አሰበ። ግን የደነገጠ ሰው ድምፅ አልነበረም። አይፈጥንም፣ አይንቀጠቀጥም። እንግዳ ሲመጣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ የምትወጣበት ያ የጥንቱ ድምፅ ነው። አቶ ተክለወልድ አቋረጧትና "አሳጥሪው ልጄ" አሏት። "እሺ" አለችና ካቆመችበት ቀጠለች።

ያኔ ገባው። በደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ ማንም ሳያነብለት አወቀ። ከአግዳሚው ብድግ አለ፤ መዝጊያውን በእጁ ፈልጎ ያዘ። ገብቶ ምን ይበል? "ልጄ ትችላለች፣ ሆን ብላ ነው" ይበል? መምህሩ የሚፈትኑት የሰሙትን ነው። እሱም እንደዚሁ በችሎት የሰማውን ብቻ ሲጽፍ ነው የኖረው። ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። መንገደኛው ጉብታዋን ዞሮ ዞሮ ካደረበት ጎጆ በር ላይ ተመለሰ።

አቶ ተክለወልድ ወጥተው በእውነት አዝነው አነጋገሩት። እንዲህ ያለ ትውስታ አይተው እንደማያውቁ፣ ነገር ግን ደንቡ ደንብ መሆኑን ነገሩት። ኃይለመስቀል ባርኔጣውን አውልቆ አመሰገናቸው።

ዳገቱን እኩሌታ ወረዱ። ከዚያ "ደብዳቤውን" አላት። "ቃል በቃል።"

ወረቀቱ እቤት ነው ያለው። የሺሃረግ ግን በትሯን ብብቷ ሥር ያዘችና እጇን ወደ ኋላ አጣመረች። ከቁጥሩና ከቀኑ ጀመረች። የዓይኑ ነርቭ እንደታመመ፣ በኦፕራሲዮንም ሆነ በመድኃኒት እንደማይመለስ፣ ጠብታው ሕመሙን ለማስታገስ ብቻ መሆኑን ተናገረች። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም። "እስከሚመጣው ክረምት ድረስ ማየት ፈጽሞ እንደሚሳንዎ የምናሳውቅዎ በታላቅ ኀዘን ነው። ከእንግዲህ ብቻዎን መዋል ስለማይገባዎ ከቤተ ሰብዎ አንድ ሰው ዘወትር ከአጠገብዎ እንዳይለይ እንመክራለን። የማይነበብ ፊርማ አለበት።"

በጣቱ የሚከተለው መስመር አልነበረውም። ያም ሆኖ አንዲት ቃል እንዳልጣለች ያውቃል።

ኃይለመስቀል ያን ጊዜ መናገር ጀመረ። ነገ ተመልሰው እንደሚወጡ፣ መምህሩን እግራቸው ላይ ወድቆ እንደሚለምን ተናገረ። ሰኪና ጎረቤት መሆኗን፣ ከጎበሳ እህቱን እንደሚያስመጣ፣ ዲሪባም እንደማይጨክንበት ተናገረ። እናቷ ስትሞት የተናዘዘችውን አነሳ። ሁለቱን የአልጋ ዓመታት አነሳ፤ ፊደል ያስቆጠራትን ቀን፣ ያን ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ጭምር። ነገ እሱ ሲሞት በየሰው ደጅ የምትቆም ሴት ሆና እንደሚያያት፣ ዕውር ሆኖም እንደሚያያት ተናገረ። ተቆጣ፣ ለመነ፣ አለቀሰ። የሺሃረግ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው፤ አላቋረጠችውም። ሲደክመው ቆመ።

"ፍሬ ነገሩ፣ 'ተይኝና ተማሪ' ነው የሚሉኝ" አለች። "አልተውዎትም።"

ልጅቷ በትሯን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ቀኝ ትከሻዋን ወደ እጁ አስጠጋችለት።

"ከፊትዎ ቦይ አለ" አለችው፣ "እግርዎን ያንሱ።"

አነሳ።